ታካሚ በሞተበት ቀን፦ የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በዋርድ፣ በድንገተኛ ክፍል፣ በማዋለጃና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለምትሠሩ ሁሉ፣ ተማሪዎችንም ጨምሮ።

ታካሚዬ ሲሞት ባለቅስ ከሙያዬ ጋር ይጋጫል?

አይጋጭም። ቁስሉን ያጠቡለት፣ ሌሊት መድኃኒቱን የሰጡት፣ የልጆቹን ስም ሳይቀር ያወቁት ሰው ሲሞት ማዘን ያለ ነገር ነው። እንባ ቢመጣ፣ ድምፅ ቢቆራረጥ ሙያው አልተዋረደም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሁለት ነገር ነው፦ ቤተሰቡ የራሱን ሐዘን ትቶ እርስዎን ማጽናናት ከጀመረ፣ ወይም የሚቀጥለውን ታካሚ የመድኃኒት ትዕዛዝ በትክክል ማንበብ እስኪያቅትዎ ከተረበሹ። ያኔ ቦታውን ለባልደረባ ሰጥተው ለጊዜው ወጣ ይበሉ።

እኛ አገር ለጎረቤት የአጎት ልጅ እንኳ ለቅሶ ይደረሳል፤ ድንኳን ይተከላል፣ እድር ይሰበሰባል። ሦስት ሳምንት ላስታመመ ነርስ ግን "እግዚአብሔር ያጽናሽ" የሚል የለም። አንሶላው ይቀየራል፣ ከሰዓት አልጋው ላይ ሌላ ሰው ይተኛል። ኬኔዝ ዶካ የተባለ አሜሪካዊ የሐዘን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 በሰፊው የጻፈው እንዲህ ስላለው፣ በዙሪያችን ያለው ሰው ሐዘን ብሎ ስለማይቆጥረው ሐዘን ነው። ብዙ የጤና ባለሙያዎችን ከሞቱ በላይ የሚያደክማቸው ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው የሚያተኩሩት ለዚህ ሐዘን በሥራው ቀን ውስጥ ትንሽ ቦታ እንዴት እንደሚገኝለት ነው።

ሞቱ ከተረጋገጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ምን ላድርግ?

ይቁሙ። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ የነበረው ጆናታን ባርትልስ አንድ ቀላል ልማድ አስጀመረ፦ ታካሚው ከሞተ በኋላ ማንም ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት በዙሪያው ያሉት ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በጽኑ ሕክምና ነርሶች መጽሔት ላይ ከጻፈው በኋላ በሌሎች በርካታ ሆስፒታሎችም ተለምዷል። ገንዘብም ሥልጠናም አይፈልግም። ዝምታ ስለሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጴንጤውም በልቡ የራሱን ጸሎት ያደርጋል፤ ማንም በሌላው ሃይማኖት አይገደድም።

በአማርኛ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ "ከመበታተናችን በፊት ለአንድ አፍታ እንቁም። እኚህ ሴት የሰው እናት፣ የሰው እህት ነበሩ። እኛም የምንችለውን አድርገናል። ለእሳቸው ክብር ዝም እንበል።" ይህን ለማለት ሲኒየር ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ተማሪም ሊለው ይችላል። ኦክስጅን ሲያመላልስ የነበረው ፖርተርና ደሙን ያጸዳችው ሠራተኛም አብረው ይቁሙ፤ እነሱንም የሚያጽናና ሰው የለም። ከዚያ በኋላ የሞት ሰዓቱን መመዝገብ፣ የሞኒተሩን ድምፅ ማጥፋት፣ ጓንት አውልቆ እጅ መታጠብ ይቀጥላል።

ሌሎች ታካሚዎች እየጠበቁኝ ነው። ቶሎ ወደ ሥራ እንዴት ልመለስ?

መጀመሪያ ሰውነትዎን ያረጋጉ። ልብ የሚመታው፣ እጅ የሚንቀጠቀጠው ሰውነት ገና በአደጋ ስሜት ውስጥ ስላለ ነው፤ ደካማ ስለሆኑ አይደለም። ይቀመጡ፣ ፊትዎን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ፣ ውኃ ይጠጡ። አየር ሲያስወጡ ከሚያስገቡበት ረዘም እያደረጉ ጥቂት ጊዜ በዝግታ ይተንፍሱ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ካልቀመሱ አንድ ስኒ ሻይ ከስኳር ጋር ይጠጡ፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ በዲውቲ ቀን ግን ማንም አያስታውሰውም። ከዚያ ለአንድ ባልደረባ በግልጽ ይንገሩ፦ "አልጋ 6 ያሉት አሁን ሞቱብኝ። ለሚቀጥለው ሰዓት ዓይንሽ እኔም ላይ ይሁን።"

ከሞት በኋላ ያለችው ሰዓት ለስህተት የተጋለጠች ናት። የመድኃኒት መጠን ማስላት፣ ደም መስጠት፣ የናሙና ስም መለጠፍ የመሳሰሉትን በዚያ ሰዓት ብቻዎን አይሥሩ፤ ሁለተኛ ሰው ያረጋግጥልዎ። ቀሪ ሥራዎችን በወረቀት ይጻፉና ከቀላሉ ይጀምሩ፤ የአንዱን ሙቀት መለካት፣ የሌላውን ግሉኮስ መቀየር። ሐዘኑን ለማታ ማቆየት ይቻላል፤ ማቆየት መካድ አይደለም። ሰዓት ግን ይቆረጥለት፦ "ስወጣ ከእገሌ ጋር ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አወራዋለሁ" ያሉትን ለሥራ ብለው አይሰርዙት።

ለቤተሰቡ እንዴት ልንገር?

መርዶን በተመለከተ ባህላችን ብዙ ያውቃል። መርዶ ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም፤ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ብዙ ጊዜም በማለዳ ነው፣ የሚደግፍ እጅ ከጎን ይኖራል። ሆስፒታል ይህን ሁሉ ያሳጣል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኮሪደር ላይ፣ ለቆመ ሰው፣ ካርድ ከያዘ ባለሙያ። ከባህሉ መውሰድ የሚቻለውን እንውሰድ፦ በር ያለው ቦታ ይፈልጉ፣ ከሌለ መጋረጃ ይሳቡ፤ "ከእርስዎ ጋር ማን አለ?" ብለው ይጠይቁና ትልቅ ሰው ይጥሩ፤ ያስቀምጡ፣ እርስዎም ይቀመጡ፣ ስልክዎን ለባልደረባ ይስጡ። ከመግባትዎ በፊት የሟችን ስም ከካርዱ ደግመው ያረጋግጡ። ቤይል፣ በክማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ለካንሰር ሐኪሞች ያዘጋጁት ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያም የሚጀምረው ከቦታው ዝግጅት ነው፤ ቀጥሎ ሰውየው የሚያውቀውን መጠየቅ፣ ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግ መረዳት፣ መንገር፣ ስሜቱን መቀበል፣ በመጨረሻም ቀጣዩን ማስረዳት ይመጣል።

ሲነግሩ ሐሳቡ አጭር ይሁን። "እትዬ፣ የምነግርዎት ከባድ ነገር ነው። ባለቤትዎ ደማቸው በጣም ወርዶ ነበር፤ ደምና መድኃኒት ሰጠናቸው፣ ሰውነታቸው ግን አልተቀበለም። ከግማሽ ሰዓት በፊት ሕይወታቸው አልፏል።" "ደከሙ"፣ "አልቻሉም"፣ "አረፉ" የሚሉት ለተጨነቀ ጆሮ ሌላ ሊመስሉ ይችላሉ፤ "አረፉ" ሲባል ተኙ ብላ "እሰይ!" ያለች እናትን ያየ ባለሙያ ሁለተኛ አይለውም። ከተናገሩ በኋላ ዝም ይበሉ። ጩኸት፣ ደረት መምታት፣ መሬት ላይ መውደቅ ሊመጣ ይችላል፤ ዝም ለማሰኘት አይቸኩሉ፣ ራሳቸውን እንዳይጎዱ ብቻ ይደግፉ።

"ለእናቷ እንዳትነግሩ፣ እኛ ቤት ወስደን በሰው መሀል እንነግራታለን" የሚል ጥያቄ ይመጣል። የቅርብ ቤተሰብ ከተነገረውና ኃላፊነቱን ከወሰደ ማክበሩ ተገቢ ነው፤ እናቲቱ ራሷ ፊት ለፊት "ሞታለች ወይ?" ብላ ከጠየቀች ግን አይዋሹ። ውጭ አገር ላለ ልጅ በስልክ መንገርም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያሉ ወገኖች ለዚህ ልማድ አላቸው፤ ወዳጆች ተጠራርተው ቤቱ ይሄዱና አብረው ሆነው ያረዱታል። ቤተሰቡ ያንን ለማዘጋጀት ጥቂት ሰዓት ከጠየቀ ስልኩን እርስዎ አይቅደሙ።

"ገደላችሁት" ብለው ቢጮሁብኝስ?

አብዛኛውን ጊዜ ቁጣው የሐዘን የመጀመሪያ መልክ ነው። አይከራከሩ፣ የካርዱን ታሪክ በዚያ ሰዓት አያስረዱ፣ "ዘግይታችሁ ስላመጣችሁት ነው" የሚለውን ደግሞ በጭራሽ አይበሉ፤ እውነት ቢሆን እንኳ ያ ዓረፍተ ነገር ከዚያ ቤተሰብ ዕድሜ ልክ አይወጣም። "መቆጣታችሁ ይገባኛል። የምትፈልጉትን ሁሉ ከሐኪሙ ጋር ተቀምጠን እናስረዳችኋለን" ይበሉ፤ ከዚያም በእርግጥ ያስቀምጧቸው። የሂሳብ ጉዳይ በእርስዎ አፍ አይነሳ፤ ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛው ወይም ለአስተዳደሩ ይተዉት።

ደኅንነትዎ ግን ድርድር የለውም። በሩ ከጀርባዎ ይሁን፣ ብቻዎን አይግቡ፣ እጅ ከተነሳ ወጥተው ጥበቃ ይጥሩ። ከተመቱ ወይም ከተሰደቡ በኋላ "ሐዘንተኞች ናቸው" ተብሎ ብቻ ሊታለፍ አይገባም፤ ለኃላፊ ተነግሮ ይመዝገብ።

ጎን ያለው ታካሚ ሁሉንም አይቷል። ምን ልበለው?

ስምንት ሰው በሚተኛበት ዋርድ ይህ በየጊዜው ይመጣል፤ የሚያወራው ግን የለም። መጋረጃ ተሳበ አልተሳበ ሁሉም አውቀዋል። ምንም እንዳልሆነ ማስመሰል ፍርሃቱን ያባብሰዋል፤ "ነገ እኔም እንዲሁ በዝምታ ልወሰድ ነው" ያሰኛል። ጠጋ ብለው ይቀመጡና "አይተዋል፤ አዝናለሁ፣ አብራችሁ ነበራችሁ። የእሳቸው ሕመም ከእርስዎ ይለያል" ይበሉ፤ ይህን የመጨረሻውን ግን እውነት ከሆነ ብቻ። የሟቹን ሕመም ዝርዝር አይናገሩ። አስታማሚዎችም አብረው ያለቅሳሉ፤ ምግብ ሲካፈሉ፣ ሌሊት ሲተካኩ ቆይተዋልና።

እርስዎም ከዚህ አንድ ነገር ያገኛሉ። የዋርዱ ታካሚዎች "ነፍስ ይማር፣ እናንተም ደክማችኋል" ሲሉ ያ ለባለሙያው ከማንም ያላገኘው ለቅሶ መድረስ ነው። ይቀበሉት።

አስከሬን ማዘጋጀት ያስፈራኛል። እንዴት ልወጣው?

ብቻዎን አይጀምሩ፤ ሁለት ሆኖ መሥራት የተለመደ ነው። ሰውነቱ መድረቅ የሚጀምረው በአብዛኛው ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ ዓይን መክደን፣ አገጭ መደገፍ፣ እጅና እግር ማስተካከል ቀድሞ ይሁን። ሞቱ የፖሊስ ወይም የፎረንሲክ ምርመራ የሚያስፈልገው ከሆነ ቱቦና መርፌ አይነቀልም፤ ካልሆነ ነቅለው፣ ደሙን አጽድተው፣ ንጹሕ አንሶላ ያልብሱ። ብዙ ነርሶች ሲሠሩ ሟቹን በስሙ እየጠሩ ያወሩታል፦ "አባባ፣ አሁን ጎንዎን ላዙርዎት ነው።" እንግዳ ነገር አይደለም፤ ፍርሃቱንም ያቀልለዋል።

የኦርቶዶክስ ቤተሰብ በግንዘት ላይ መገኘት ሊፈልግ ይችላል፤ የሙስሊም ቤተሰብ ትጥበቱን በራሱ ሰዎች፣ በአብዛኛው በተመሳሳይ ጾታ፣ ማድረግና ቶሎ መቅበር ይፈልጋል። ስለዚህ መጠየቅ ይቀድማል፤ የሞት ማስረጃውን ወረቀት ማፋጠንም ከዚህ አገልግሎት ይቆጠራል።

ምንም አልተሰማኝም። ልቤ ደርቆ ይሆን?

ላይሆን ይችላል። በሥራ መሀል አእምሮ ስሜቱን ወደ ጎን አድርጎ እጅን ያሠራል፤ ሐዘኑ ከሁለት ቀን በኋላ ታክሲ ውስጥ ወይም እንጀራ ሲቆርሱ ሊመጣ ይችላል። ለብዙ ወር የታመሙ ሰው ሲሞቱ እፎይታ መሰማቱም ኃጢአት አይደለም። ትኩረት የሚያሻው መደንዘዙ ለሳምንታት ከቆየና ወደ ሕያዋን ከተሻገረ ነው፦ ታካሚዎችን በአልጋ ቁጥር ብቻ መጥራት፣ በሕመማቸው መበሳጨት፣ ቤትም ልጅ ሲያቅፍዎ ምንም አለመሰማት። ይህ የሥራ መሰልቸት (በርንአውት) ምልክት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ክስተት ብሎ በበሽታ ምደባው ውስጥ አካትቶታል። ከሥራ ቦታ የሚመጣ ነገር ደግሞ መፍትሔው ግማሹ እዚያው ሥራ ቦታ ነው፤ የዲውቲ ብዛት፣ የሰው ቁጥር፣ ዕረፍት።

"እንዲህ ባደርግ ኖሮ" የሚለው ሐሳብ አልለቅ አለኝ።

ውጤቱን ካወቅን በኋላ ወደኋላ ስናይ ምልክቶቹ ሁሉ ግልጽ ይመስላሉ። በዚያች ሰዓት ግን አሥራ አምስት ታካሚ ነበር፣ የላቦራቶሪ ውጤት አልመጣም፣ ያው ምልክት ሌሎች ሦስት ሰዎች ላይም ነበር። "አሁን የማውቀውን" እና "ያኔ የማውቀውን" በሁለት ዓምድ ለይተው በወረቀት ይጻፉ። ደረት እየተጫኑ ልብ ለማስነሳት ሞክረው ካልተሳካ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ የሠለጠነ ቡድንና የተሟላ መሣሪያ ባላቸው የአሜሪካ ሆስፒታሎች እንኳ ተኝተው ሲታከሙ ልባቸው ከቆመ አዋቂዎች በሕይወት ወደ ቤት የሚመለሱት ከአራቱ አንዱ ያህል ናቸው። እጅዎ ስላልጠነከረ አይደለም።

ሌላ ዓይነት ጸጸትም አለ፤ የእኛ አገር ባለሙያ አብዝቶ የሚያውቀው። ኦክስጅን አልቆ፣ ደም ጠፍቶ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ሳይገኝ፣ መድኃኒቱን ቤተሰቡ ከውጭ ገዝቶ ሳይመለስ ታካሚው ይሞታል። ምን መደረግ እንዳለበት ያውቁ ነበር፤ የሚደረግበት ነገር አልነበረም። አንድሩ ጄምተን የተባለ የሥነ ምግባር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ነርሶች ሲጽፍ ይህንን የኅሊና ጭንቀት ከተራ ድካም ለይቶታል። ይህን ሸክም እንደ ግል ጥፋት ተሸክመው ቤት አይግቡ። ምን እንደጎደለ፣ በስንት ሰዓት እንደተጠየቀ፣ ምን መልስ እንደተሰጠ በካርዱና በሪፖርት ይጻፉ። የተጻፈ ጉድለት ስብሰባ ላይ ሊነሳ ይችላል፤ በልብ የተያዘ ግን ሰውን ብቻ ይጎዳል።

በእርግጥ የእኔ ስህተት ከነበረስ?

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው፤ በማጽናናት ብቻ አይመለስም። መጀመሪያ መደረግ ያለባቸው፦ ወዲያውኑ ለኃላፊዎ ወይም ለሲኒየሩ ይንገሩ፣ የተከሰተውን በሰዓቱ ይጻፉ፣ የተጻፈውን ካርድ አይሰርዙ፣ አይቀይሩ፣ ወረቀት አይቅደዱ። ለቤተሰቡ የሚነገረው ከኃላፊዎች ጋር ተመካክሮ፣ በእውነት ላይ የቆመ ይሁን። መደበቅ ቤተሰቡንም፣ የሚቀጥለውን ታካሚም፣ እርስዎንም ይጎዳል።

አልበርት ዉ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ስህተት የሠራውን ባለሙያ "ሁለተኛው ተጎጂ" ብለውታል። የመጀመሪያው ተጎጂ ታካሚውና ቤተሰቡ ናቸው፤ ይህ አይዘነጋም። ባለሙያው ግን እንቅልፍ ያጣል፣ በችሎታው መተማመን ያቆማል፣ አንዳንዱም ሙያውን ይተዋል። ስለዚህ ከእርማቱ ጎን ድጋፍም ይገባዋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት የቆመው በዚህ መርህ ነው፦ እያንዳንዱ ሞት የሚመረመረው ቀጣዩን ለመከላከል እንጂ ግለሰብ ለመቅጣት አይደለም፤ በውይይቱም ስም አይጠራም። ኃላፊዎ ይህን ከረሳ በትሕትና ያስታውሱት።

እናት በወሊድ ስትሞት ወይም ጨቅላ ሕፃን ሲሞት ለምን እንዲህ ይከብዳል?

ለደስታ የተመጣበት ቦታ ስለሆነ ነው። ገንፎ ሊገነፋ፣ እልል ሊባል የነበረ ቤት ነው በአንድ ሰዓት የሚገለበጠው። አዋላጅ ነርሶች ደግሞ እናቲቱን ከቅድመ ወሊድ ክትትል ጀምሮ ያውቋታል። ደም ሲፈስ ነገሩ በደቂቃዎች ስለሚያልቅ ድንጋጤው ራሱ ገና ሳይገባ ሌላ ምጥ ክፍሉን ይይዛል። ከተቻለ ያን ሰዓት ምጥ የምትከታተለው አዋላጅ ትቀየር።

ሕፃኑ ከሞተ ወላጆቹ ማየትና ማቀፍ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠየቁ። "ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ" አይባልም፤ ለማጽናናት ተብሎ ሲነገር የሞተውን ልጅ እንዳልነበረ ያደርገዋል። ስም አውጥተውለት ከሆነ በስሙ ይጥሩት። እርስዎ ራስዎ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም በቅርቡ ልጅ ከሞተብዎ ይህን ለኃላፊ ነግሮ ለተወሰነ ጊዜ ክፍል መቀየር መብት ነው፤ ልመና አይደለም።

የታካሚዬ ለቅሶ ቤት መሄድ እችላለሁ?

ቤተሰቡ ከፈቀደና ሥራ ቦታዎ ካልከለከለ መሄድ ይቻላል፤ በተለይ ለወራት ያስታመሙት ሰው ከሆነ። ብዙ ቤተሰብ እንደ ትልቅ ክብር ይቆጥረዋል። ሆኖም ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ "እንዴት ሞተ?" እያለ ይጠይቃል። የሕመሙ ምስጢር ከሞት በኋላም ምስጢር ነው፤ ኤችአይቪ ይሁን፣ ራስን ማጥፋት ይሁን፣ ካንሰር ይሁን ከእርስዎ አፍ አይውጣ። "እሱን ቤተሰቡ ያውቃል፤ እኔ ላጽናና ነው የመጣሁት" ይበቃል። ቤተሰቡ በሕክምናው ላይ ቅሬታ ካቀረበ ግን አይሂዱ፤ ከቤትዎ ሆነው ይጸልዩ ወይም ሻማ ያብሩ።

ከሞቱ በኋላ ተሰብስቦ ማውራት ይጠቅማል?

እንደ አወራሩ ነው። የደነገጠን ሰው አስገድዶ፣ በአንድ ስብሰባ፣ ያየውን ሁሉ በዝርዝር ማስተረክ ከድኅረ አደጋ የአእምሮ ሕመም አይከላከልም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጥናቶችን የገመገመው የኮክሬን ቡድን ይህን አሳይቷል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። የሚጠቅመው አጭርና በፈቃደኝነት የሆነው ነው፦ በዚያው ፈረቃ አሥር ደቂቃ፣ ምን ሆነ፣ ምን ደህና ሄደ፣ ምን ይስተካከል፣ ዛሬ ማን ድጋፍ ይፈልጋል። መናገር ያልፈለገ ሰምቶ ይሄዳል። የጠዋቱ የሞርኒንግ ሪፖርት ይህንን አይተካም፤ እዚያ የሚጠየቀው ስለ ሕክምናው እንጂ ስለ ሐኪሙ አይደለም።

ቋሚ መድረክ መፍጠር ለሚፈልጉ ደግሞ ሁለት የተፈተኑ መንገዶች አሉ። አንደኛው ሚካኤል ባሊንት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ለሐኪሞች የጀመሩት ነው፤ ጥቂት ሰዎች በየተወሰነ ጊዜ ተገናኝተው ስለ አንድ ታካሚና ስለ ፈጠረባቸው ስሜት ይነጋገራሉ። ሁለተኛው በሳንባ ካንሰር በሞተው ኬኔት ሽዋርትዝ ስም በቦስተን የተቋቋመው ማዕከል ያስፋፋው የሁሉም ሠራተኞች ስብሰባ ነው፤ ከሐኪም እስከ ጽዳት ሠራተኛ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። እኛ ዘንድ የቡና ሥነ ሥርዓት አለ፤ ሲኒ ዞሮ ሰው ሁሉ በተራው የሚያወራበት። በወር አንድ ከሰዓት በነርሶች ክፍል ቡና አፍልቶ የወሩን ሟቾች ማስታወስ ከየትኛውም ፕሮጀክት በፊት ሊጀመር ይችላል።

ኃላፊ ነኝ። ኢንተርኗ የመጀመሪያዋን ሞት ዛሬ አየች። ምን ላድርግላት?

ከዋርዱ አስወጥተው ሁለታችሁ ብቻ ይቀመጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ይላል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። በልታለች ወይ? ዛሬ ማታ ብቻዋን ነው የምታድረው? የአሟሟቱን ሕክምና ማስተማር ለነገ ይደር። "ትለምጂዋለሽ" አይበሏት፤ ብዙ ሰው ያንን ሲሰማ የሚረዳው "አትዘኚ" የሚለውን ነው። የራስዎን የመጀመሪያ ታካሚ ቢነግሯት ይሻላል። ሳምንት ቆይተውም ይጠይቋት፤ በዚያው ቀን ሁሉም ይጠይቃል፣ በሳምንቱ ማንም አይጠይቅም።

ከዲውቲ ስወጣ፣ ቤት ስገባ ምን ይሻላል?

መኪና ካለዎት አይንዱ። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ለ24 ሰዓት ያህል ያልተኛ ሰው ቅልጥፍና በደሙ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመጣጠን አሳይቷል፤ ሐዘን ሲጨመርበት ደግሞ ያስቡት። ቤት ሲገቡ ልብስ ቀይረው ይታጠቡ፣ ትንሽ ይብሉ፣ ይተኙ። መጠጥም ጫትም ለዚያች ማታ ያደነዝዛል ወይም ያነቃቃል፤ ሁለቱም ግን እንቅልፉን ያበላሹታል፣ ልማድ ከሆኑ ደግሞ ሌላ በሽታ ናቸው።

ለትዳር ጓደኛ "ዛሬ ከባድ ቀን ነበር፣ ሰው ሞተብኝ" ማለት ምስጢር ማውጣት አይደለም። ስም፣ ሰፈር፣ ፎቶ አይጨመርበት። በቴሌግራም ግሩፕ ወይም በፌስቡክ መጻፍ ግን ይቅር፤ ስም ባይኖርም ቤተሰቡ ያውቀዋል።

አሜሪካ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው የምሠራው። ዓመታት የተንከባከብኳት ሴትዮ ሞተች፤ ማንም ምንም አላለኝም።

በአረጋውያን መንከባከቢያና በቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚገጥማቸው ይህ ነው። በየቀኑ ያጠቧት፣ ያበሏት ሴት ናት። ጠዋት ሲገቡ አልጋው ባዶ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ ሌላ ክፍል ይመድብዎታል። ቤተሰቧ የመታሰቢያ ፕሮግራም ካለው መገኘት እችላለሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የሐዘን ካርድ መላክም የተለመደ ነው። በሆስፒስ (በሕይወት መጨረሻ ላይ ላሉ ሰዎች በሚሰጥ እንክብካቤ) ትረዳ ከነበረ የሆስፒሱ የሐዘን አማካሪ ለእርስዎም ጊዜ ሊሰጥ ስለሚችል ይጠይቁ። ብዙ አሠሪዎችም ኢምፕሎዪ አሲስታንስ ፕሮግራም የሚባል፣ ወጪውን አሠሪው የሚሸፍነው ምስጢራዊ የምክር አገልግሎት አላቸው፤ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት አረጋዊ የምትንከባከቡ እህቶች ይህ ሁሉ የላችሁም። ቢያንስ አንዲት የአገር ልጅ ትወቅላችሁ፤ አብራችሁ አልቅሱ።

መቼ ነው የባለሙያ እርዳታ የሚያስፈልገኝ?

ቅዠት፣ ድንገት ትዕይንቱ ፊት ላይ መምጣት፣ ያንን ክፍል መሸሽ፣ መበርገግ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊኖር ይችላል፤ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ሐኪም ያማክሩ። በአብዛኛው ቀን የሚዘልቅ የስሜት መጨለም ወይም ደስታ ማጣት ሁለት ሳምንት ካለፈውም እንዲሁ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀን አይቆጠርም፤ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ ብቻዎን አይሁኑ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የጤና ባለሙያ መድኃኒት እጁ ላይ ስላለ አደጋው ይበልጣል፤ የመድኃኒቱን ቁልፍ ሌላ ሰው ይያዘው። አዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በየክልሉ በርካታ ሪፈራል ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የሚያውቁዎት ሰዎች እንዳያዩዎት ከፈለጉ ከሚሠሩበት ሌላ ተቋም ይምረጡ። አሜሪካ ያላችሁ 988፣ እስራኤል 1201፣ እንግሊዝ 116 123 መደወል ትችላላችሁ።

"ፈቃዴን ይነጥቁኛል" የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን አስሯል። የኒውዮርክ የድንገተኛ ሐኪም ሎርና ብሪን በኮቪድ ወረርሽኝ መሀል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ሕይወቷን አጠፋች፤ በመጋቢት 2022 በስሟ የጤና ሠራተኞችን የአእምሮ ጤና የሚመለከት ሕግ ጸደቀ፣ ከዚያ ወዲህም በርካታ ግዛቶች ስለ አእምሮ ሕክምና የሚጠይቁ የፈቃድ ማመልከቻ ጥያቄዎችን ቀይረዋል። ፈቃድን ይበልጥ አደጋ ላይ የሚጥለው ሳይታከሙ መሥራት ነው።

ሙያውን ልተወው እያሰብኩ ነው። ትክክል ነኝ?

ከዲውቲ በወጡበት ቀን አይወስኑ። ከተኙ፣ ከበሉ፣ ቢያንስ ጥቂት የዕረፍት ቀን ካለፈ በኋላ ይህን ይጠይቁ፦ የደከመኝ ከሙያው ነው፣ ከዚህ ክፍል ነው፣ ወይስ ከአሠራሩ? ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወደ ተመላላሽ ሕክምና፣ ከማዋለጃ ወደ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ከዋርድ ወደ ማስተማር የተዛወሩና ደህና የሆኑ ብዙ ናቸው። ዝውውር ይጠይቁ፣ የዓመት ፈቃድ ይውሰዱ፣ ካልተኙ እንቅልፍዎን ይታከሙ። ይህ ሁሉ ተደርጎ መልሱ "መተው" ከሆነ ይተዉት፤ ያከሟቸው ሰዎች መታከማቸው አይሰረዝም። መልቀቂያውን ከማስገባትዎ በፊት ግን የሥራ ልምድ ማስረጃዎንና የሙያ ፈቃድ እድሳትዎን ይጨርሱ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መመለስ የሚፈልግ ሰው የሚቸገረው በእነዚህ ነው።